መድኃኒቱ ደረሰ ወይ?

ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊክ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ ልዩ ልዩ ቀለሞችን በእንስሳት ደም ውስጥ እየወጋ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚቀበላቸው መርምሮ ነበር (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልብ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ጡንቻ፣ ሁሉም ቀለሙን ጠጡ፤ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ግን እንደነበሩ ቀሩ። ኤርሊክ ይህን የተረጎመው የአንጎል ሕዋስ ቀለሙን የመያዝ ባሕርይ የለውም ብሎ ነው፤ ቀለሙ ደርሷል፣ አንጎል ግን አልያዘውም እንደ ማለት። ይህን ትርጓሜ የሻረው የቀድሞ ተባባሪው ኤድዊን ጎልድማን ነው። ጎልድማን ትሪፓን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም በደም ሥር ሲወጋ ያገኘው ውጤት ከኤርሊክ ጋር የተስማማ ነበር። በ1913 ባሳተመው ሥራ ግን ያንኑ ቀለም አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ወጋው። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ አንጎሉ ሰማያዊ ሆነ፣ የቀረው አካል ግን ቀለም አልነካውም። አንጎል ቀለሙን መያዝ አቅቶት አልነበረም፤ መጀመሪያውኑ አልደረሰውም እንጂ።

ለአደገኛ የአንጎል ዕጢ መድኃኒት ጭነው የሚሄዱ ናኖ ቅንጣቶችን ለመሥራት የተደረገው ጥረት አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በተሸካሚዎቹ ብልሃት ነው፦ መጀመሪያ ከስብ የተሠራው መጣ፣ ቀጥሎ ከፖሊመር፣ ከዚያ ከብረት፣ ከዚያ ከወርቅ፤ እያንዳንዱም ከፊተኛው የረቀቀ። ይህ አተራረክ ሐሰት አይደለም፤ ግን ዋናውን ነገር ይዘላል። ተሸካሚዎቹ በየአሥር ዓመቱ ሲረቅቁ የሕሙማኑ ዕድሜ በዚያው ልክ አልረዘመም፤ ለዚህም አንዱ ትልቅ ምክንያት መድኃኒቱ ከመርፌው ሲነሣ በጥንቃቄ ይለካ እንጂ ከዕጢው ሲደርስ የሚለካው ጥቂት መሆኑ ነው። ጎልድማን ሁለቱን አንጎሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ በዓይኑ ያያቸውን ያህል፣ ከእሱ በኋላ የመጡት መሐንዲሶች ለብዙ ዘመን አላዩም። ስለዚህ የዚህን ሙያ ታሪክ በተሸካሚው ሳይሆን በመለኪያው ብንከተለው፣ ለምን እንደዘገየም ወዴት እያቀና እንደሆነም ይበልጥ ይገባናል ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው። ግሊዮብላስቶማ በአዋቂዎች ላይ ከራሱ ከአንጎል ከሚነሡት ዕጢዎች ሁሉ ክፉው ነው። ፐርሲቫል ቤይሊና ሃርቪ ኩሺንግ በ1926 የዚህን ቤተሰብ ዕጢዎች በአጉሊ መነጽር ለይተው ሲመድቡ፣ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ዕጢውን በቢላ ማሸነፍ ይቻላል የሚለውን ተስፋ ገና አልተዉም ነበር። የጆንስ ሆፕኪንሱ ዋልተር ዳንዲ ይህን ተስፋ እስከ መጨረሻው ወሰደው። በ1928 ባወጣው ዘገባ፣ ዕጢ የያዘውን የቀኝ ጎን የአንጎል ንፍቀ ክበብ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ እንደጣለ ገለጸ። ከዚህ የበለጠ ሊቆረጥ የሚችል ነገር የለም፤ ዕጢው ግን እንዲያም ሆኖ ይመለስ ነበር። የዕጢው ሕዋሳት በዓይን ከሚታየው እብጠት አልፈው፣ ጤናማ በሚመስለው የአንጎል ክፍል ውስጥ አንድ አንድ እያሉ ሠርገው ይገባሉ፤ ሰርዶን ከነሥሩ ነቅዬ ጨረስኩ ያለ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት የሚያየውን ያህል። በአሜሪካ በ1978 ይፋ የሆነው ትልቅ ሙከራ የጨረር ሕክምና ዕድሜን በግልጽ እንደሚጨምር አሳየ፤ ያለ ጨረርና ያለ ኬሞቴራፒ ከታከሙት ግማሾቹ ከ14 ሳምንት ያልዘለለ ዕድሜ ሲኖራቸው፣ ጨረር ያገኙት ግን ወደ 35 ሳምንት ደረሱ። ቢላና ጨረር ያልደረሱበትን ሕዋስ ሊያሳድድ የሚችለው በደም የሚዞር መድኃኒት ብቻ ነበር፤ መድኃኒቱ ደግሞ ጎልድማን ያየው አጥር ይጠብቀዋል።

ይህ አጥር ምን እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል። በጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር የነበረችው ሊና ስቴርን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከሬሞን ጎቲየ ጋር ሆና፣ በደም የገቡ ብዙ ንጥረ ነገሮችን ተከታትላ የትኛው በአንጎል ፈሳሽ ውስጥ እንደሚገኝ የትኛው እንደማይገኝ አንድ በአንድ መዘገበች፤ የደም-አንጎል አጥር የሚለው ስያሜም የጸናው በእሷ ሥራ ነው። ስቴርን በኋላ ወደ ሞስኮ ሄዳ የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያዋ ሴት ሙሉ አባል ሆነች፤ በስታሊን ዘመን መጨረሻ ታስራ፣ በ1952 አብረዋት የተከሰሱት ሲረሸኑ እሷ ወደ ግዞት ተላከች። (ይህች ሴት ከአንድ አንቀጽ በላይ ይገባታል፤ ግን የያዝነው ነገር ይጠብቀናል።) አጥሩ በትክክል የት እንዳለ የታየው በ1967 ነው። ቶማስ ሪስና ሞሪስ ካርኖቭስኪ በሃርቫርድ አንድ ኢንዛይም በአይጦች ደም ውስጥ ወግተው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲከታተሉት፣ የቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ግድግዳ በሠሩት ሕዋሳት መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሌላው የሰውነት ክፍል በእነዚህ ሕዋሳት መካከል ቀዳዳ አለ፤ በአንጎል ግን ሕዋስ ከሕዋስ ጋር ተጣብቆ የተዘጋ ነው።

የተዘጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። በ1994 የአምስተርዳሙ የካንሰር ተቋም ተመራማሪ አልፍሬድ ሺንከልና ባልደረቦቹ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል የተወገደባቸውን አይጦች አረቡ። አይጦቹ ጤነኛ ይመስሉ ነበር። ቤታቸው ቅማል መሰል ተባይ ሲገባበት ግን፣ እንደ ተለመደው አይቨርሜክቲን ተረጨባቸውና ዘረ መሉ የሌላቸው አለቁ። ምርመራው እንዳሳየው በአንጎላቸው ውስጥ የተገኘው አይቨርሜክቲን በመደበኛ አይጦች ከሚገኘው በሰማንያ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። ፒ-ግላይኮፕሮቲን በአንጎል የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተተክሎ ሾልኮ የገባውን መድኃኒት መልሶ ወደ ደም የሚገፋ ፓምፕ ነው። በደቡብ ምዕራብና በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ለኦንኮሰርሲያሲስ መከላከያ ይህንኑ መድኃኒት ሜክቲዛን በሚል ስም የሚውጡት ሰዎች ጉዳት ሳያገኛቸው የሚኖሩት በአብዛኛው በዚህ ፓምፕ ቸርነት ነው። ችግሩ ፓምፑ መርዝን ከመድኃኒት አለመለየቱ ነው፤ ዶክሶሩቢሲንንም ፓክሊታክሰልንም፣ ሌላ ቦታ ካንሰርን የሚያጠቁ ብዙ ብርቱ መድኃኒቶችንም፣ እንደ አይቨርሜክቲን ይገፋቸዋል።

የናኖ ቅንጣት ሐሳብ የገባው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ በራሱ ማለፍ ካልቻለ በሌላ ነገር ተሸፍኖ ይለፍ። አሌክ ባንገም በካምብሪጅ አጠገብ ባብራም ውስጥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የስብ ሞለኪውሎች በውኃ ውስጥ በራሳቸው ተጠቅልለው ጥቃቅን ከረጢት እንደሚሠሩ አሳየ፤ ሊፖሶም የምንለው ይህ ነው። ከኢየሩሳሌም የተነሡት የሔቻዝከል ባረንሆልትስና የአልቤርቶ ጋቢዞን ሥራ ደግሞ ዶክሶሩቢሲንን በሊፖሶም ውስጥ አሽጎ ዶክሲልን ወለደ፤ ዶክሲል በ1995 በአሜሪካ ሲፈቀድ የመጀመሪያው ናኖ መድኃኒት ሆነ። በጃፓን ኩማሞቶ ያሱሂሮ ማትሱሙራና ሂሮሺ ማዔዳ በ1986 አንድ መልካም ዜና አውጥተው ነበር፦ የዕጢ የደም ሥሮች ቀዳዳ ስላላቸው ትልልቅ ሞለኪውሎች ከጤናማ አካል ይልቅ በዕጢ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ይህን ያዩትም በከፊል በሰማያዊ ቀለም ነው። የፍራንክፈርቱ ዮርግ ክሮይተር በበኩሉ ከፖሊመር የተሠሩ ቅንጣቶችን ፖሊሶርቤት 80 በተባለ ነገር ቀብቶ፣ በራሱ ወደ አንጎል የማይገባን መድኃኒት በ1995 በአይጦች አንጎል ውስጥ ሥራውን ሲሠራ አሳየ። በ2004 የክሮይተር ቡድንና አጋሮቹ በዚህ መንገድ ዶክሶሩቢሲን የተሰጣቸው፣ የግሊዮብላስቶማ ዕጢ የተተከለባቸው ትልልቅ አይጦች ከአምስቱ አንዱ ያህል ለረጅም ጊዜ ከበሽታው ነጻ ሆነው መቆየታቸውን ዘገቡ። ለዚህ በሽታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ዶክሲልም የክሮይተር ቅንጣቶችም የግሊዮብላስቶማ መደበኛ ሕክምና አልሆኑም።

በሌላ በኩል፣ አጥሩን ከመሻገር ይልቅ አልፎ መቀመጥን የመረጡ ነበሩ። ሮበርት ላንገር በ1976 ከጁዳ ፎክማን ጋር ፖሊመር በውስጡ የያዘውን ቀስ እያለ እንዲለቅ ማድረግ እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። የጆንስ ሆፕኪንሱ ሄንሪ ብሬም ይህን ሐሳብ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አመጣው። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ካወጣ በኋላ በቀረው ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ትንሽ ሳንቲም የሚያክሉ ነጫጭ ጠፍጣፋ ክቦችን፣ እስከ ስምንት ድረስ፣ ይደረድራል፤ እያንዳንዱ 7.7 ሚሊግራም ካርሙስቲን ይዟል፤ ከዚያ የራስ ቅሉን ይዘጋል። በ1995 የታተመው የ222 ሕሙማን ሙከራ፣ ዕጢያቸው ከተመለሰባቸው መካከል ይህ የተደረገላቸው ግማሾቹ 31 ሳምንት ሲደርሱ መድኃኒት አልባ ክብ የተቀመጠላቸው 23 ሳምንት እንደደረሱ አሳየ፤ በ1996 ግሊያዴል በሚል ስም ተፈቀደ። ስምንት ተጨማሪ ሳምንት ከሞት ጋር ለሚታገል ሰው ቀላል አይደለም፤ መፍትሔ ግን አይደለም። ካርሙስቲን ከክቡ ወጥቶ በበቂ መጠን የሚጓዘው በአመዛኙ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ ዕጢው ሲመለስ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው ከቀድሞ ቦታው በሁለት ሴንቲሜትር ክልል ውስጥ ነው። አጥሩ ታልፏል፣ መድኃኒቱ ግን አሁንም አልደረሰም።

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ አለ። የግሊዮብላስቶማ ሕመምተኛ ኤምአርአይ ሲነሣ በደሙ የተወጋው ማጉያ ንጥረ ነገር በዕጢው ላይ ቦግ ብሎ ይታያል፤ ይህም አጥሩ በዕጢው ውስጥ የተሰበረ መሆኑን ያሳያል። እንግዲህ አጥሩ ከተሰበረ ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን? በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ይህን የተናገሩት ሰዎች ተራ ሰዎች አልነበሩም፤ ማዔዳ ያገኘውም ቢሆን እነሱን የሚደግፍ ይመስላል። ነገር ግን በኤምአርአዩ የሚያበራው ክፍል ቀዶ ሐኪሙ የሚያወጣው ክፍል ነው። ሕመምተኛውን በኋላ የሚገድሉት ሠርገው የገቡት ሕዋሳት ያሉት ከብርሃኑ ውጪ፣ አጥሩ ሙሉ በሆነበት፣ ፓምፑም በሚሠራበት ቦታ ነው። አውጥተው ከጣሉት ዕጢ መሃል መድኃኒት መገኘቱ ስለ እነሱ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። ይህ ነው እንግዲህ የት ተለካ የሚለውን ጥያቄ ከስንት ደረሰ እኩል የሚያስፈልግ የሚያደርገው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ከስኬት የሚመጣ ነው። በበርሚንግሃም አስተን ዩኒቨርሲቲ በማልኮም ስቲቨንስ ቡድን የተሠራው ቴሞዞሎማይድ በአፍ የሚዋጥ ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ያለ ምንም ተሸካሚ አጥሩን ያልፋል። ሮጀር ስቱፕ በ2005 ባወጣው የ573 ሕሙማን ሙከራ፣ ጨረር ላይ ቴሞዞሎማይድ ሲጨመር የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ ከ12.1 ወር ወደ 14.6 ወር፣ ሁለት ዓመት የቆዩትም ከ10.4 በመቶ ወደ 26.5 በመቶ አደገ። ተቃዋሚው ይላል፦ ምርጡ መድኃኒት ናኖ ቅንጣት አላስፈለገውም፤ የሚያልፈው መድኃኒት ይህን ያህል ብቻ ከረዳ ደግሞ ዋናው ችግር መድረስ ሳይሆን የዕጢው ራሱ ጽናት ነው። የክርክሩ ሁለተኛ ክፍል ግማሽ እውነት ነው። አንዳንድ ዕጢዎች መድኃኒቱ የጎዳውን ዲኤንኤ የሚጠግን ኢንዛይም ስላላቸው ቴሞዞሎማይድ ደርሷቸውም ይተርፋሉ፤ መድረስ ብቻውን ፈውስ አይደለም። ነገር ግን አንድ ዕጢ ለአንድ መድኃኒት መጽናቱን ማወቅ የቻልነው መድኃኒቱ መድረሱን ስለምናውቅ ነው። ለሌሎቹ ለብዙዎቹ መድኃኒቶች፣ ሙከራው ሲከሽፍ ዕጢው ጸንቶ ነው ወይስ መድኃኒቱ ሳይገባ ቀርቶ የሚለውን የሚለይ ማስረጃ አልነበረም፤ ሁለቱም በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ውድቀት ሆነው ተመዘገቡ። ኤርሊክ የተሳሳተው እዚህ ነበር፤ አልያዘውም አለ፣ አልደረሰውም ማለት ሲገባው።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ በ1994 የተጀመረው መንገድ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የኤድዋርድ ኦልድፊልድ ቡድን ቀጭን ቱቦ ወደ አንጎል አስገብቶ መድኃኒትን በግፊት ማሰራጨት እንደሚቻል አሳየ። አጥሩ ተዘለለ፣ የካርሙስቲኑ ክብ አጭር ጉዞም ተፈታ ተባለ። ሲንትሬዴኪን ቤሱዶቶክስ የተባለው መድኃኒት በዚህ መንገድ ከግሊያዴል ጋር ሲወዳደር ግን በ2010 የታተመው ውጤት ልዩነት አላሳየም። ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር በአብዛኛው ስለ ቱቦዎቹ አቀማመጥ ነበር፤ ፈሳሹ ወደታሰበው ቦታ ሄዷል ወይስ ወደ ሌላ ፈስሷል? በሙከራው ጊዜ የመድኃኒቱን ሥርጭት በእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንጎል ውስጥ በምስል መከታተል የተለመደ ስላልነበረ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊገኝ አልቻለም። ብዙ ገንዘብና የብዙ ሰዎች ድካም የጠፋበት ሙከራ፣ መድኃኒቱ መጥፎ መሆኑን እንኳ በእርግጥ አላስተማረንም።

የናኖ ቅንጣት ሙያም የራሱን ሒሳብ ያየው ዘግይቶ ነው። የቶሮንቶው ዋረን ቻን ቡድን በ2016 የአሥር ዓመት ጽሑፎችን ሰብስቦ ሲያሰላ፣ ከተወጋው ናኖ ቅንጣት ውስጥ ጠጣር ዕጢ ጋ የሚደርሰው መካከለኛ መጠን 0.7 በመቶ ሆኖ አገኘው፤ ይህም በአጥር ባልተከበቡ ዕጢዎች ጭምር ነው። የተቀረው በአብዛኛው በጉበትና በጣፊያ ይቀራል። ስሌቱ ብዙዎችን አስቆጣ። ተቺዎቹ ያነሡት ነጥብ ትክክል ነው፤ ያለ ተሸካሚ የሚሰጥ መድኃኒትም ከተወጋው ትንሽ ክፍሉ ብቻ ነው ዕጢ ጋ የሚደርሰው፤ ስለዚህ ማወዳደር ያለብን ከመቶ ጋር ሳይሆን ከተራው መድኃኒት ጋር ነው፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይም መታየት አለበት። እስማማለሁ። ግን ይህ ተቃውሞ ራሱ የሚጠይቀው ተጨማሪ መለኪያን ነው፤ በአንድ ዕጢ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን መለካትን። ሥራው የት ላይ ጎደለ ብሎ መጠየቅ የሚያፈራውን በጆንስ ሆፕኪንስ የኤሊዛቤት ናንስና የጀስቲን ሄንስ ሥራ በ2012 አሳይቷል። በአንጎል ሕዋሳት መካከል ከ64 ናኖሜትር በላይ የሆነ ቅንጣት አይንቀሳቀስም ይባል ነበር። እነሱ ቅንጣቱን በፖሊኤቲሊን ግላይኮል ጥቅጥቅ አድርገው ሲለብሱት ግን 114 ናኖሜትር የሚያክለውም በአንጎል ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ሲጓዝ ታየ። የሚያግደው መጠኑ ብቻ ሳይሆን መጣበቁም ነበር።

በሰው ላይ ነገሩ የተቀየረው ባለፉት ጥቂት ዓመታት ነው። በቺካጎ የሚገኘው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2023 ባሳተመው ሙከራ፣ ዕጢያቸው ለተመለሰባቸው 17 ሕሙማን ከአልቡሚን ጋር በናኖ ቅንጣት የታሰረ ፓክሊታክሰል ሰጠ፤ ፓምፑ የሚገፋውን ያንኑ መድኃኒት። አጥሩን ለአጭር ጊዜ የከፈተው የራስ ቅል ላይ የተተከለ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ነው። ከአንዳንዶቹ ሕሙማን ላይ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ድምፁ ከደረሰበትና ካልደረሰበት የአንጎል ክፍል ናሙና ተወስዶ ተነጻጸረ፤ በዕጢው ዙሪያ፣ ኤምአርአዩ በማያበራበት ቦታ፣ የፓክሊታክሰሉ መጠን 3.7 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከተቆረጠው መሃል ሳይሆን ከሚቀረው ዳር ነው የተለካው። ይህ ቁጥር ሕሙማኑ ይድናሉ ማለት አይደለም፤ ግን ሙከራው ቢከሽፍ እንኳ ቀጣዩ ሰው ከየት መነሣት እንዳለበት ያውቃል።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከዚያው ከኖርዝዌስተርን የታተመው ሌላ ሙከራ ደግሞ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሣል። በቻድ ሚርኪን ቤተ ሙከራ የዳበረው ቅንጣት መሃሉ ወርቅ ሆኖ ዙሪያው የዕጢውን አንድ ዘረ መል ዝም የሚያሰኝ የአርኤንኤ ቁራጭ የለበሰ ነው። ስምንት ሕሙማን ከቀዶ ሕክምናቸው በፊት በደም ሥር ወሰዱት፤ መጠኑ በዝንጀሮ ዘሮች ላይ ጉዳት ካላስከተለው 50ኛ እጅ ብቻ ነበር። ሲቆረጥ በዕጢው ሕዋሳት ውስጥ ወርቅ ተገኘ፤ ወርቅ በሰው አካል ውስጥ በተፈጥሮ ከሞላ ጎደል ስለሌለ የሚያሳስት ነገር አልነበረም። ብዙ ወርቅ በገባበትም የታለመው ፕሮቲን ቀንሶ ታየ። የሚነሣው ተቃውሞ፦ በሞት አፋፍ ላለ ሰው እንደማይፈውሰው የታወቀ መጠን መስጠት ተገቢ ነው ወይ? ሕሙማኑ ግን ቀዶ ሕክምናው በማናቸውም መንገድ የሚደረግላቸው ነበሩ፤ መጠኑ ትንሽ መሆኑም የተጠበቀ አደጋን የሚቀንስ እንጂ ሌላ ሕክምናን የሚከለክል አልነበረም። ከዚህ በፊት በመቶ የሚቆጠሩ ሕሙማን ሙሉ መጠን ወስደው፣ ሙሉ ጉዳቱን ተሸክመው፣ መድኃኒቱ ዕጢያቸው ጋ ይድረስ አይድረስ ማንም ሳያይላቸው አልፈዋል። ከሁለቱ የትኛው ለሕመምተኛው የበለጠ ክብር እንደሚሰጥ ስጠየቅ፣ ስምንቱን ሕሙማን የያዘውን ሙከራ እመርጣለሁ።